ጥሩምባው የገባበት አንቀጽ

ምክር ቤት በተቀመጥኩባቸው ዓመታት አንድም ደንብ ያለ እኔ አልጸደቀም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ቃለ ጉባኤው ይመስክር። የከሰል ማጓጓዣው ደንብ፣ የባጃጁ፣ የቤት ኪራዩ፣ የምንጭ አጠባበቁ፣ ሁሉም ላይ እጄ አለበት። ከዳንግላ እስከ ኮሶበር ከእኔ የበለጠ ሕግ ያወጣ ልብስ ሰፊ ካለ ይምጣና መቀሴን ልስጠው።

እርግጥ እጄ አለበት ስል እጄን አንሥቻለሁ ማለቴ ነው። ሌላውም ሁሉ ያነሣ ነበር። አፈ ጉባኤው «ድጋፍ?» ሲል አዳራሹ በአንድ አፍታ የቀርከሃ ጫካ ይሆናል፤ ያውም ነፋስ ወደ ነፈሰበት የሚያዘነብል ጫካ። መቀመጫዬ ከበሩ አጠገብ፣ የፊተኛው ረድፍ መጀመሪያ ላይ ስለ ነበር ቆጣሪው ከእኔ ይጀምራል። «አንድ» የሚባለው እኔ ነኝ። ከአንድ በኋላ ያለውን መቁጠር ከተወ ቆይቷል፤ አዳራሹን በዓይኑ ገረፍ ያደርግና «በሙሉ ድምፅ!» ብሎ ይቀመጣል። እንግዲህ በሕግ አውጪነቴ ያገኘሁት ማዕረግ ይኸው ነው፦ አንድ።

ወደ ምክር ቤት የገባሁት በአፌ ነው። ሱቄ ዳንግላ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ አሮጌ ሬዲዮ፣ ሌላው ወሬ ነው። ሰው አግዳሚው ላይ የሚቀመጠው ሱሪው እስኪያጥር አይደለም፤ እኔ የጀመርኩትን ቀደዳ እስክጨርስ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛዬ በቀልዴ ሲስቅ የሰፋሁለት ሱሪ ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ተተረተረ ብዬ ምያለሁ፤ ያመኑኝም አሉ። የምርጫው ሰሞን በቀበሌያችን ዕጩ ሲጠፋ «እሱ ይግባ፤ ቢያንስ ስብሰባው አያንቀላፋም» አሉ። ገባሁ። ተፎካካሪ ስላልነበረኝ በሰፊ ልዩነት አሸነፍኩ።

ምክር ቤታችን ትንሽ ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ስብሰባ ሲኖር በማለዳ ሚኒባስ ይዤ ወደ እንጅባራ እወጣለሁ። እንጅባራ ሰው በነሐሴ ሦስት ሹራብ ደርቦ አራተኛውን የሚመኝበት አገር ነው። ጭጋጉ በመስኮት ሲገባ አፈ ጉባኤውን የምለየው በድምፁ ብቻ ነበር።

ስለ ሽብር የወጣው ትልቁ ሕግ እኔ ከመግባቴ በፊት ከላይ ወጥቶ ነበር። በሙያዬ ልናገርና፣ ያ ሕግ አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ግዙፍ ሰው የተሰፋ ካፖርት ነው። ግዙፉን ሰው ያየው የለም። ካፖርቱ ግን ትርፍ ጨርቅ ነበረውና ከላይ እስከ ታች ያለ እያንዳንዱ ሸንጎ ከትርፉ እየቆረጠ በሚያወጣው ደንብ ላይ እራፊ ይጥልበት ጀመር። እኛ ዘንድ ሲደርስ የጸጥታ እራፊ ያልተጣፈበት ነገር አልነበረም። ስለ ድንች ዘር የመጣ ረቂቅ እንኳ መግቢያው ላይ «የአካባቢውን ሰላምና ጸጥታ ለማረጋገጥ» ይል ነበር። ድንቹ ምን እንዳጠፋ እስካሁን አልገባኝም።

የከሰሉ ቀን ትዝ ይለኛል። ረቂቁ ከሰል የጫነ መኪና ሁሉ ጆንያው እየወረደ ተበርብሮ ይለፍ ይላል። ከወደ አዲስ ቅዳም የመጣ፣ ራሱ ግራር ተክሎ ከሰል የሚያከስል አባል ተነሣ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ጆንያ ወረደ ማለት ከሰሉ ደቀቀ ማለት ነው። ምን ፍለጋ ነው?»

የጸጥታ ኃላፊው ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ከማስታወሻ ደብተሩ የማይለይ ሰው ነበር። «ከከሰሉ ሥር ምን እንዳለ ማን ያውቃል?» አለ።

«ከሰል ነዋ! ከከሰል ሥር ያለው ከሰል ነው!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እኔው ራሴ ነኝ የጫንኩት!»

«ታዲያ ለምን ይቆጣሉ?»

ሰውየው አዳራሹን ዞር ብሎ አየ። ሁላችንም የየራሳችንን ጫማ እየመረመርን ነበር። ተቀመጠ። «ድጋፍ?» ተባለ። ቀርከሃው ተነሣ፤ የሰውየውም እጅ አብሮ ተነሣ።

እውነተኛው ክርክር የሚካሄደው በሻይ ሰዓት ነበር። የገጠሮቹ አባላት ዳቧቸውን ይዘው ከግቢው አጥር ሥር ይቆሙና በአገውኛ ይነታረካሉ። እኔ አገውኛዬ ግማሽ ነው፤ በግማሹም ቢሆን የምሰማው ነገር አዳራሹ ውስጥ ቢነገር ጣሪያው ይነሣ ነበር። አንዱ ይሰድባል፣ አንዱ ይምላል፣ አንዱ አንቀጹን ቃል በቃል እየደገመ ያፈርሰዋል። ደወል ሲደወል ግን ክርክሩን እንደ ዱላ አጥሩ ላይ አስደግፈው ይገባሉ። ውስጥ ያለው አማርኛ ነው፤ ውስጥ ያለው እጅ ነው።

የቤት ኪራዩ ደንብ ደግሞ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ያሳደረ ሁሉ ያስመዝግብ የሚል ነበር። አንድ ባልደረባችን አማቱ ሊጠይቁት ሲመጡ ለሦስት ቀን አስመዘገባቸውና በአራተኛው ቀን «ፈቃድዎ አልቋል» ብሎ ሸኛቸው። በዚያ ደንብ የተጠቀመ ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው። በባጃጁ ጊዜ የተነሣው መጋረጃ ነው፤ ውስጡ ማን እንዳለ ይታይ ተባለ፣ ያውም ክረምት ሊገባ ሲል። የጫግኒው አባል፣ አገሩ ሞቃት ነውና፣ «ግሩም ሐሳብ ነው፤ ነፋስም ያስገባል» ብሎ ደገፈ። እኛ የደጋዎቹም እጃችንን አነሣን። በዚያ ክረምት ከመናኸሪያ እስከ አዳራሹ በባጃጅ ሄጄ ስወርድ በእግሩ የመጣው ባልደረባዬ ከእኔ ይልቅ ደረቅ ነበር።

በዚያ ሁሉ መካከል የሚጠይቁ አንድ ሰው ነበሩ። ከወደ አዘና የመጡ ባልቴት ገበሬ ናቸው። የቤታቸው ቋንቋ አገውኛ ነው፤ አማርኛውን እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው እየያዙ ነው የሚናገሩት። ወንበራቸው ከእኔ ቀጥሎ ነበር። ምንጮች ይታጠሩ የሚለው ረቂቅ ሲመጣ «ሽብርተኛ ውኃውን ቢመርዝስ?» ተብሎ አንድ አንቀጽ ተጨመረበት። እሳቸው እጃቸውን አነሡ።

«የእኛ ምንጭ ውስጥ ያለው አልቅት ነው። ለአልቅቱስ አንቀጽ አለው?»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ደግሞ ሽብር ማለት ምንድን ነው? አገሬ ስገባ ይጠይቁኛል።»

«ትርጉሙ በሕጉ ላይ ተቀምጧል፣ እናቴ» አለ አፈ ጉባኤው።

«በየቱ ላይ?»

«ከላይ በወጣው።»

«እኛ እኮ ታች ነን» አሉና ተቀመጡ።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ረቂቁ ስለ ድምፅ ማጉያ ነበር፤ ሞንታርቦ ይዞ ሕዝብ የሚሰበስብ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ያውጣ ይላል። ከምሳ በኋላ ነው። ግማሹ አንቀላፍቷል፣ ግማሹ ባንቀላፋው ይቀናል። ኃላፊው ስለ ሞንታርቦ አደገኛነት ጢም እስኪያበቅል ድረስ ተናገረ። እኔ ደግሞ ሰው ሲያንቀላፋ ማየት አልችልም፤ በሽታዬ ነው። እጄን አነሣሁ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ሞንታርቦ ምን አላት? መብራት ሲጠፋ አብራ ትጠፋለች። አደገኛውን ልንገራችሁ? የሰፈሬ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነው! ማለዳ አንዴ እፍ ካለባት በሩብ ሰዓት ውስጥ ዱላ የያዘ ሕዝብ ያሰልፋል። ሟቹ ፈረሰኛ ከሆነማ አምስት መቶ ፈረስ ኮርቻውን ራሱ ጭኖ ይመጣል! መብራት አይል፣ ኔትወርክ አይል፣ ሲም ካርድ አይል! የውጭ ጠላት ቢነሣ ሌላ ቦታ አይደክምም፤ ቀጥ ብሎ ዳንግላ መጥቶ እሱን ነው የሚቀጥረው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ከወንበሩ ወደቀ ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ፤ እሺ፣ ወንበሩ ብቻ ነው የወደቀው። አፈ ጉባኤው ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። የጸጥታ ኃላፊው ግን አልሳቀም። ይጽፍ ነበር።

ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ረቂቁ አንድ መስመር አድጎ ጠበቀን። «ጥሩምባ፣ ቀንድ፣ ነጋሪትና ሌላ ሕዝብን ለመጥራት የሚያገለግል ማናቸውም መሣሪያ» የሚለው ከሞንታርቦው ጎን ገብቷል። አፈ ጉባኤው «የተከበሩ አባላችን በሰጡት ገንቢ አስተያየት መሠረት የተካተተ ነው፤ እናመሰግናለን» አለ። ተጨበጨበልኝ።

«ቀልድ ነው እኮ» ብል ያበቃ ነበር። አላልኩም። እንዲያውም፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከአፌ የወጣ ነገር ተጽፎ ሲነበብ የመጀመሪያዬ ነው። «ድጋፍ?» ተባለ። እጄን አነሣሁ። አንድ።

ባልቴቷ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸጉጠው ተቀምጠዋል። ቆጣሪው ገረፍ አደረገና «በሙሉ ድምፅ!» አለ።

«እኔ እኮ አላነሣሁም» አሉ።

«ተቆጥሯል፣ እናቴ» አላቸው።

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ቀልማዳ፣ ዛሬ ምን አደረግህ?»

«ጨዋታ ነው፣ እናቴ። ደንብ እንደሆነ ሳጥን ውስጥ ነው የሚያድረው። ማን ያነበዋል?»

«ጽፈውታል እኮ። የተጻፈ ነገር አንድ ቀን የሚያነበው አያጣም።»

ጥሩምባ ነፊው ሽማግሌ የሰፈሬ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ከሱቄ ጀርባ ነው። አያ ነው የምላቸው፣ ሰፈሩም እንዲሁ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጺማቸው የሸበተ፣ ዓርብ ዓርብ አግዳሚዬ ላይ ተቀምጠው የማይጠጡትን ሻይ አስቀርበው የሚጫወቱ ሰው ናቸው። ሰው ሲሞት ገና ጎሕ ሲቀድ መንታ መንገዱ ላይ ቆመው ሦስት ጊዜ ረዘም አድርገው ይነፋሉ። ከዚያ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይሉና የሟቹን ቤትና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። የአባቴን ሞት ለአገሩ የነገሩልኝ እሳቸው ናቸው። በእኛ ሰፈር ሰው ሞተ የሚባለው ትንፋሹ ሲቆም አይደለም፤ አያ ሲነፉ ነው። አንድ ሽማግሌ፣ አያ ወደ ሌላ አገር ሄደው ስለ ነበር፣ እስኪመለሱ ድረስ ሁለት ቀን ሳይሞት ጠብቋል። ይህን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ ግን ማንም አልተጠራጠረኝም።

ደንቡ ሁለት ክረምት ተኛ። ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። መንገዱ ላይ ፍተሻ በዛ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ሰው ሰላምታውን አሳጠረ። ሳጥን ውስጥ ያደሩት ደንቦች አንድ በአንድ ነቁ። የከሰሉ ነቃ፣ የኪራዩ ነቃ። አንድ ቀን የእድሩ ቤት በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። አያ ማንበብ ስለማይችሉ የእድሩ ዳኛ አነበበላቸው። ወዲያው ወደ ሱቄ መጡ።

«አንተ የምክር ቤት ሰው ነህ፤ እስቲ ንገረኝ። ለሬሳ ፈቃድ የሚሰጠው ማነው?»

«ቢሮ አለ፣ አያ። ከሰኞ እስከ ዓርብ።»

«ቅዳሜ የሞተስ?»

«እስከ ሰኞ ይታገሣ።»

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቃቸውን ገቱና «የምሬን ነው። ልንፋ ወይስ አልንፋ?» አሉ።

የስፌት መኪናዬን አቁሜ ተነሣሁ። ደረቴን መታሁ። «ይንፉ አያ! እኔ እያለሁ ማን ነው የሚነካዎት? ሕጉን ያወጣነው እኛ አይደለንም እንዴ? አንድ ሰው ቢነካዎት አዳራሹን ገልብጬ ነው የምወጣው!»

በሰፈሩ ፉከራዬን ከቁም ነገሬ የማይለዩ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። «እግዜር ይስጥህ» ብለው ሄዱ። መስመሩ ከእኔ አፍ እንደ ወጣ አልነገርኳቸውም። ያን ጊዜ መንገር ቀላል ነበር፤ ስቀው ያልፉኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ከመንታ መንገዱ ወዲያ ያለች አንዲት የልጆች እናት ሞተች። አያ ነፉ። ሦስት ጊዜ፣ ረዘም አድርገው። ሰው ነጠላውን እያጣፋ ዱላውን እያነሣ ወጣ፤ እንደ ወትሮው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እየቀመሱ ሳለ ፖሊሶች መጥተው አያን ወሰዷቸው። ጥሩምባዋንም ኤግዚቢት ነች ብለው በፌስታል አድርገው ያዟት። ጥፋታቸው ምንድን ነው ሲባል የተሰጠው መልስ «ያለ ፈቃድ ዱላ የያዘ ሕዝብ አሰልፈዋል» የሚል ነበር። ከድንኳኑ ጥግ ቆሜ ሰማሁት። ዱላ የያዘ ሕዝብ። ቃሉ የእኔ ነበር፤ ያውም አዳራሹን ያሳቅሁበት ቃል።

በማግሥቱ የእድሩ ዳኛና የአያ ሚስት ሱቄ መጡ። ጣቢያ ሄደው ነበር። እዚያ ያሉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ «ደንቡን ያወጣው ምክር ቤት የለቅሶ ጥሩምባ አይጨምርም ብሎ አንድ ወረቀት ይጻፍልንና ዛሬውኑ እንልቀቃቸው። ያ ካልሆነ መዝገቡ ወደ ላይ ይተላለፋል፤ ወደ ላይ ከሄደ ደግሞ እኛም አናገኛቸውም» ብለዋቸዋል። ስብሰባችን በዚያው ሳምንት ነበር።

«ልጄ» አሉ የአያ ሚስት፣ «እዚያ ቤት ያለን ሰው አንተ ብቻ ነህ። ሳል አለባቸው። ሲሚንቶ ላይ ነው የሚተኙት።»

«አያስቡ እናቴ! እንደ አንበሳ ነው የማገሳው። ወረቀቱን በጥርሴ ነክሼ ነው የምመጣው!»

ዳኛው በትዝብት አየኝ፤ አንተ መቼ ነው እንደ ሰው የምትናገረው የሚል አስተያየት ነበር። ሴትዮዋ ግን ትከሻዬን ሳሙኝ።

የስብሰባው ቀን ሚኒባስ ውስጥ የምናገረውን ጽፌ ጨረስኩ። አጭር ነበር፤ ቀልድም አልነበረበትም። አዳራሹ በር ላይ ባልቴቷን አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ዛሬ ጨዋታ የለም» አሉ።

«የለም፣ እናቴ።»

«ሌላ ነገር አትጨምር። ጨዋታ ነበር በል፣ ተቀመጥ።»

ጠዋቱ በሪፖርት አለቀ። «ልዩ ልዩ ጉዳይ ያለው?» ተባለ። ስንት ዓመት ሙሉ ያለ ሐሳብ ስትነሣ የኖረች እጄ ያን ቀን ጉልበቴ ላይ ተሰፍታ ቀረች። ባልቴቷ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። አልተነሣሁም። ደግመው ነኩኝ። አፈ ጉባኤው «ከሌለ እንግዲህ...» ብሎ ሲጀምር እሳቸው ተነሡ።

«ዳንግላ አንድ ሽማግሌ ታስረዋል። ሰው ሞቶ ነው የነፉት። በእኔ አገር ሳይነፋለት የተቀበረ ሰው ዘመድ እንደሌለው ነው። ይህ ነገር ደንብ ውስጥ የገባው በጨዋታ ነው፤ እኔ እዚሁ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። የተጫወተው ሰው ይኸው አጠገቤ አለ። እሱው ይናገር።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ያንቀላፋ አልነበረም። የጸጥታ ኃላፊው ደብተሩን ገለጠ።

«የተከበሩ አባል» አለ አፈ ጉባኤው፣ «ያን ጊዜ ስለ ጥሩምባው የሰጡት አስተያየት ቀልድ ነበር?»

ተነሣሁ። ወረቀቴ ኪሴ ውስጥ ነበር። የኃላፊው ብዕር ደብተሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በዚያ ዓመት ሰው ከዚህ ላነሰ ነገር ከቤቱ ይወሰድ ነበር። ስለ ጸጥታ በሚወጣ ደንብ ላይ ሕዝብ አሳቀ፣ አሾፈ፣ አንቀጽ በፌዝ አስገባ ተብሎ ስሜ ሲጻፍ ታየኝ። ሱቄ ታሽጎ ታየኝ። ሲሚንቶው ታየኝ።

«ቀልድ አልነበረም» አልኩ።

ሕይወቴን ሙሉ እናቴ፣ መምህሬ፣ ሚስቴ፣ የንስሐ አባቴ ሳይቀሩ «አሁንስ ቀልድህን ተው» እያሉኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተውኩት ያን ቀን ነው።

«ለቃለ ጉባኤው አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አለ ጸሐፊው።

ደገምኩለት።

ባልቴቷ አላዩኝም። የፕላስቲክ ወንበራቸውን ከእኔ ፈቀቅ አደረጉ፤ እግሩ ሲሚንቶውን ሲፍቅ የወጣው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። በሻይ ሰዓት ወደ አጥሩ ሥር ጠጋ ስል አገውኛው ቆመና ሰዎቹ ስለ ዝናብ በአማርኛ ያወሩ ጀመር።

ዳንግላ ስወርድ የእድሩ ዳኛና የአያ ሚስት መናኸሪያ ቆመው ጠበቁኝ። ምን እንዳልኳቸው ልንገራችሁ? «አዳራሹን አንቀጠቀጥኩት! ኃላፊው ላቡን ጠረገ፤ አፈ ጉባኤው ውኃ አምጡልኝ አለ። ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻዬን ቆሜ ተሟገትኩ። ግን አንድ እጅ ምን ያደርጋል? በድምፅ ተሸነፍኩ።» ዳኛው እንኳ በዚያ ጊዜ አመነኝ። እጄን ጨበጠ። የአያ ሚስት አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብለው አለቀሱ።

መዝገቡ ወደ ላይ ሄደ፤ አያም አብረው ሄዱ። ለወራት የት እንዳሉ እንኳ አልታወቀም። በእነዚያ ወራት በሰፈራችን ሞት እንደ ኮንትሮባንድ በሹክሹክታ ከበር በር ይዞር ነበር። መርዶው ለማን ደረሰ፣ ማን ተረሳ አይታወቅም። አንድ ሰው ገበያ መሐል በርበሬ እያስመዘነ ሳለ አንዷ «እግዜር ያጥናህ» አለችው። «በማን?» አላት። እህቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ሰውየው በርበሬውን ትቶ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት በሱቄ ፊት ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ አየሁት። እኔ አንገቴን ሰብሬ የማንም ያልሆነ ጨርቅ እሰፋ ነበር።

በኋላ ዘመኑ ተለወጠና ብዙ ሰው ሲፈታ አያም ተፈቱ። የክስ ወረቀት አልነበራቸውም። የመፈቻ ወረቀትም አልነበራቸውም። ጥሩምባዋ አልተመለሰችም። እድሩ አዲስ ገዛላቸው፤ ሦስቱን ጊዜ ግን ከእንግዲህ አይችሉም። አንድ ጊዜ ይነፋሉ፣ ይስላሉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ይጮኽላቸዋል።

በመጡ በሳምንቱ፣ ዓርብ ቀን፣ ሚስታቸውን አስከትለው ሱቄ ገቡ። ሚስታቸው ድንች የሞላ ዘንቢል ይዘዋል። አግዳሚዬ ላይ ተቀመጡ። ሬዲዮው ክፍት ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ትልቁ ሕግ ሊሻሻል ነው ተብሎ ተወካዮች ይከራከራሉ። አንዱ «ይህ ሕግ ዜጎችን ጎድቷል» ይላል፤ ሌላው «ሕጉ ሕዝብን አስለቅሷል» ይላል። ሕጉ በራሱ እግር ቆሞ፣ በራሱ እጅ ተደግፎ የሄደ ይመስል። እጁን ያነሣ ሰው ስም አንድም አልተጠራም።

«ምን ይላሉ?» አሉ አያ።

«ይሻሻል ነው የሚሉት።»

«ደግ። ብቻ እንዳንተ ያለ ሰው አይጣበት።» ከዚያ ተነሡና እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። «ለእኔ ብለህ ብቻህን ቆመህ ከሹማምንት ጋር እንደ ተሟገትክ ነግረውኛል። እዚያ ሆኜ አንድ ሰው አለኝ እያልኩ ነበር የምተኛው። ልጆችህ ይባረኩ። ሥራህ ይባረክ። አንደበትህ ይባረክ።»

«አሜን» አልኩ። ሦስቱንም አሜን አልኩ። ድንቹንም ተቀበልኩ፣ ቤቴ ወስጄ አስቀቀልኩት፣ በላሁት።

እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ዓርብ ዓርብ ይመጣሉ። ይህን ለመጻፍ የደፈርኩት ማንበብ እንደማይችሉ ስለማውቅ ነው።